የ«ሰላም» ርዝመት 10 ባይት ነው፦ ከርነሉን በቀጥታ ስለመጥራት የቀረበ እርማት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ አንድ ፕሮግራም ላይብረሪ (አስቀድሞ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ሳያማልደው ሥርዓተ ክወናውን በቀጥታ እንዴት እንደሚጠራ የሚያሳይ ጽሑፍ ወጥቶ አንብቤዋለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ልጆች እስከዚህ ሥር ድረስ እንዲወርዱ በአማርኛ መጋበዛቸው ያስመሰግናል። ይሁን እንጂ በምሳሌው ውስጥ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። ጽሑፉ በመጨረሻ የሰጣቸው ሁለት ፍርዶችም፣ ማለትም ቀጥታ ጥሪ ፕሮግራምን ያፈጥናል የሚለውና አንዴ የተጻፈው በየትኛውም ማሽን ይሠራል የሚለው፣ አንባቢን ያሳስታሉ። ምሳሌውን ቀድተው የሞከሩ ተማሪዎች «አልሠራም» ብለው ሳይተዉት ምክንያቱን ማወቅ ይገባቸዋል።

ከቁጥሩ ልጀምር። ምሳሌው «ሰላም» የሚለውን ቃልና የአዲስ መስመር ምልክቱን ለማውጣት ለከርነሉ፣ ማለትም ለሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ የሚሰጠውን ርዝመት 4 ብሎታል፤ ሦስት ፊደልና አንድ የመስመር ምልክት ተቆጥሮ መሆኑ ነው። ከርነሉ ግን ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ «ሰላም» 9 ባይት፣ ከመስመር ምልክቱ ጋር 10 ባይት ነው። 4 ተብሎ ሲላክ «ሰ» በሙሉ ይወጣና ከ«ላ» የመጀመሪያዋ ባይት ብቻ ትከተላለች። ስክሪኑ ላይ የሚቀረው «ሰ» እና የተሰበረ ፊደል ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ። የመስመር ምልክቱም ስላልወጣ የተርሚናሉ ቀጣይ መስመር እዚያው ይጣበቅበታል። በእንግሊዝኛ ምሳሌ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ስህተቱ አይታይም፤ ቃሉ በአማርኛ ሲተካ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ባይቶቹን አንድ በአንድ ላስቀምጥ። «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው፤ «ላ» 225፣ 136፣ 139፤ «ም» 225፣ 136፣ 157፤ የመስመር ምልክቱ 10። በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮፒክ ክፍል ውስጥ ያሉት ፊደሎች፣ አራት ነጥቡና ሁለት ነጥቡ ሳይቀሩ፣ ሁሉም በ225 ይጀምራሉ፤ ተከትለው የሚመጡት ሁለቱ ባይቶች ደግሞ ምንጊዜም ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ናቸው። ርዝመትን በእጅ መቁጠር ግን ለስህተት በር መክፈት ነው። በናዝም፣ ማለትም የአሴምብሊ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው ፕሮግራም (አሴምብለር)፣ ለሚጽፍ ሰው የተሻለው መንገድ ከጽሑፉ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ የዶላር ምልክት ሲቀነስ የጽሑፉ ስያሜ ብሎ ስሌቱን ለአሴምብለሩ መተው ነው። በሲ ቋንቋ «ስትርሌን» ባይት ስለሚቆጥር ትክክለኛውን 10 ይሰጣል። «ሳይዝኦፍ» ግን የማብቂያውን ዜሮ ጨምሮ 11 ይላል፤ ያ ትርፍ ዜሮ በስክሪን ላይ ባይታይም ወደ ፋይል ሲጻፍ እዚያው ይቀራል።

አሁን ጠቅላላ አካሄዱ። የምናገረው በባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ስለሚሠራ ሊኑክስ ነው። የጥሪው ቁጥር አርኤኤክስ በተባለው ሬጂስተር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማስቀመጫ፣ ይቀመጣል። ለጥሪው የሚሰጡት ዋጋዎች በተራ በአርዲአይ፣ በአርኤስአይ፣ በአርዲኤክስ፣ በአር10፣ በአር8 እና በአር9 ይገባሉ፤ ከስድስት በላይ የሚቀበል ጥሪ የለም። የመጻፊያው ጥሪ ቁጥር 1 ነው። ስለዚህ አርኤኤክስ ላይ 1፣ አርዲአይ ላይ የመደበኛው መውጫ ቁጥር የሆነውን 1፣ አርኤስአይ ላይ የጽሑፉን አድራሻ፣ አርዲኤክስ ላይ 10 አስቀምጦ «ሲስኮል» የተባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ መስጠት ነው። ለመውጣት አርኤኤክስ 60፣ አርዲአይ 0 ይደረግና «ሲስኮል» እንደገና ይሰጣል። ይህ ሁለተኛው ጥሪ ከተረሳ ፕሮሰሰሩ ከኮዱ ቀጥሎ ያገኘውን ባይት ሁሉ እንደ ትእዛዝ እየወሰደ ይቀጥላል፤ ብዙም ሳይቆይ «ሴግሜንቴሽን ፎልት»፣ ማለትም ያልተፈቀደ ማህደረ ትውስታ የመንካት ስህተት፣ ይመጣል። በ«ሬት» ልመለስ ያለም እንዲሁ ይወድቃል። ፕሮግራሙ ያለ ላይብረሪ ሲጀምር በስታኩ (በጊዜያዊ ማስቀመጫው ማህደረ ትውስታ) ጫፍ ላይ የሚያገኘው የመመለሻ አድራሻ አይደለም፤ በትእዛዝ መስመሩ ላይ የተሰጡት ቃላት ብዛት ነው። ፕሮግራሙ በስሙ ብቻ ከተጠራ ያ ብዛት 1 ስለሆነ «ሬት» ፕሮሰሰሩን ወደ አድራሻ 1 ይልከዋል፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም።

ፋይሉን በናዝም ስታቀናብሩ የውጤቱን ቅርጽ «ኤልፍ64» በሉ፤ ከዚያ በማገናኛው ፕሮግራም በ«ኤልዲ» ማገናኘት ብቻ ይበቃል። መግቢያ ስያሜው ከፊቱ የታች ሰረዝ ያለው «ስታርት» ሆኖ «ግሎባል» ተብሎ መታወጅ አለበት። ካልታወጀ ኤልዲ መግቢያውን አላገኘሁም ብሎ ያስጠነቅቅና የኮዱን ክፍል መጀመሪያ መግቢያ ያደርገዋል። ትንሽ ፕሮግራም በዚህ በዕድል ሊሠራ ይችላል፤ ከመግቢያው በፊት ሌላ ኮድ ሲጨመር ግን ባልታሰበ ቦታ ይጀምራል።

ሬጂስተሮቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሌሊት የሚያስነጋው ስህተት እዚህ ነውና። በሲ አንድ ፋንክሽን ሌላውን ሲጠራ አራተኛው ዋጋ የሚገባው በአርሲኤክስ ነው። ለከርነሉ ግን በአር10 ነው። ልዩነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ «ሲስኮል» የተባለው ትእዛዝ ራሱ የመመለሻውን አድራሻ በአርሲኤክስ ላይ፣ የፕሮሰሰሩን ባንዲራዎች በአር11 ላይ ስለሚጽፍ በአርሲኤክስ የተላከ ዋጋ ከርነሉ ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። እስከ ሦስት ዋጋ የሚቀበሉ ጥሪዎችን ብቻ የሞከረ ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም። ማህደረ ትውስታ መጠየቂያው «ኤምማፕ»፣ ቁጥሩ 9፣ ላይ ሲደርስ ግን ይገጥመዋል። አንድ ገጽ ለመጠየቅ የሚሰጡት ዋጋዎች አድራሻ 0፣ መጠን 4096፣ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ 3፣ ዓይነት 34፣ የፋይል ቁጥር አሉታዊ 1፣ መነሻ 0 ናቸው። 34ቱ በአርሲኤክስ ከተቀመጠ፣ ገና በጀመረ ፕሮግራም አር10 ዜሮ ስለሚሆን ከርነሉ ዓይነቱን 0 ብሎ ያነበዋል፤ የፋይል ቁጥሩን አሉታዊ 1 እንደ እውነተኛ ፋይል ስለሚፈልገውም መልሱ አሉታዊ 9፣ ማለትም «የማይሆን የፋይል ቁጥር» ነው። እዚህ ላይ አሉታዊ 9 ያየ ሰው መጀመሪያ አራተኛውን ሬጂስተር ይመርምር።

በሲ ውስጥ አሴምብሊ ጣልቃ አስገብተው ለሚጠሩ ሰዎችም ያው ነገር በሌላ መልክ ይመጣባቸዋል። ጥሪው የሚያበላሻቸውን ሬጂስተሮች፣ አርሲኤክስንና አር11ን፣ ለኮምፓይለሩ መንገር ግዴታ ነው። «ሜሞሪ» የሚለውንም መጨመር ያስፈልጋል። ያ ቃል ካልተጨመረ ኮምፓይለሩ በፈሩን (ጽሑፉ የሚጠራቀምበትን ማህደረ ትውስታ) ማንም የማያነበው ይመስለውና ወደ በፈሩ የተጻፈውን ከጥሪው በኋላ ሊያዘዋውረው ወይም ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ያለ ማሻሻያ ሲቀናበር በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም በ«ኦ2» የማሻሻያ ደረጃ ሲቀናበር ባዶ ወይም የቆየ ጽሑፍ ያወጣል። በሬጂስተሮቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የበለጠ ድብቅ ነው፤ በአርሲኤክስ የተያዘ የሉፕ ቆጣሪ ከጥሪው ሲመለስ የኮድ አድራሻ ሆኖ ይገኛል።

ዓምዱ ስለ ስህተት አያያዝ የተናገረው «አሉታዊ 1 ከመጣ ስህተት ነው» የሚል ብቻ ነው። ይህ የላይብረሪው ልማድ እንጂ የከርነሉ አይደለም። ከርነሉ ስህተት ሲኖር የስህተቱን ቁጥር አሉታዊ አድርጎ በአርኤኤክስ ይመልሳል፦ ፋይሉ ከሌለ አሉታዊ 2፣ የፋይል ቁጥሩ ካልተከፈተ አሉታዊ 9፣ አድራሻው የማይነበብ ከሆነ አሉታዊ 14። ከአሉታዊ 4095 እስከ አሉታዊ 1 ያለው ሁሉ ስህተት ነው። አሉታዊ 1 ብቻውን «አልተፈቀደልህም» ማለት ስለሆነ፣ በእሱ ብቻ የሚፈትሽ ፕሮግራም ሌሎቹን ስህተቶች በሙሉ እንደ ስኬት ያሳልፋቸዋል። «ኤርኖ» የሚባለው ተለዋዋጭ የላይብረሪው ንብረት ነው፤ በቀጥታ የጠራ ሰው እዚያ የሚያገኘው ካለፈ ጥሪ የቀረ ዋጋ ነው።

መልሱ አወንታዊ መሆኑም ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። 10 ባይት ጻፍ የተባለው ከርነል 6 ጽፎ 6 ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ) ሲሞላ ያጋጥማል። ያኔ አድራሻውን በ6 ወደፊት ማራመድ፣ ርዝመቱን በ6 መቀነስና ደግሞ መጥራት ነው። አሉታዊ 4 ከመጣ ጥሪውን ሲግናል አቋርጦታልና እንዳለ መድገም ነው።

ንባብ ላይ ለአማርኛ ጽሑፍ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተለመደው በፈር 4096 ባይት ነው። 4096ን ለ3 ብናካፍል 1365 ይደርስና 1 ይተርፋል፤ ክፍት ቦታ በሌለው የግዕዝ ጽሑፍ ላይ የመጀመሪያው ንባብ በ1366ኛው ፊደል የመጀመሪያ ባይት ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ክፍት ቦታና የመስመር ምልክት አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ በተራ ጽሑፍ መቆረጫው ቦታውን ይቀያይራል፤ አንዳንዴ ፊደል መሃል፣ አንዳንዴ ደግሞ በደህና ቦታ ይውላል። በአጭር ፋይል ሲሞከር ንጹሕ የነበረ ፕሮግራም በረጅም ፋይል ላይ እዚህም እዚያም የተሰበረ ፊደል የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በፈሩን በ3 ወደሚካፈል መጠን መቀየር አይደለም፤ ክፍት ቦታዎቹ ያፈርሱታል። ከንባቡ በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ባይቶች መመልከት ነው። የመጨረሻው 225 ከሆነ እሱን፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው 225 ከሆነ ሁለቱንም አስቀርቶ በሚቀጥለው ንባብ መነሻ ላይ መቀጠል ለግዕዝ ፊደሎቹ ይበቃል።

የፋይል ስምም በባይት ነው የሚለካው። በሊኑክስ ኤክስት4 የፋይል ሥርዓት ላይ አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በግዕዝ ፊደል 85 ፊደል መሆኑ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የመክፈቻው ጥሪ አሉታዊ 36 ይመልሳል። የዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ 255ቱን የሚቆጥረው በ16 ቢት አሃድ ስለሆነ እዚያ 255 የግዕዝ ፊደል ይገባል። ረጅም የአማርኛ ርዕስ ያለው ሰነድ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ማሽን አልገለበጥ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ መፍትሔውም ስሙን ማሳጠር ብቻ ነው።

የቆየውን በር የሚያሳዩ መማሪያዎች አሁንም በብዛት አሉ። በባለ 32 ቢት ሊኑክስ ጥሪው የሚደረገው «ኢንት» በተባለው ትእዛዝ በ128 ቁጥር ነበር፤ የመጻፊያው ቁጥር 4፣ የመውጫው 1፣ ዋጋዎቹም በኢቢኤክስ፣ በኢሲኤክስና በኢዲኤክስ። ይህ በር በባለ 64 ቢት ፕሮግራም ውስጥም ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ አደጋውም ይኸው ነው። ከርነሉ የድሮውን የቁጥር ሰንጠረዥ ይጠቀምና ከአድራሻው የታችኛውን 32 ቢት ብቻ ያነባል። ጽሑፉ በዝቅተኛ አድራሻ በሚቀመጥ የዳታ ክፍል ውስጥ ከሆነ ይሠራል። ወደ ስታክ ሲዛወር ግን አድራሻው ስለሚቆረጥ አሉታዊ 14 ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ምንም ሳያወጣ በዝምታ ያልፋል። ሁለቱን ሰንጠረዦች ማደባለቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ በአዲሱ በር 4 ቁጥር መጻፊያ ሳይሆን ስለ ፋይል መረጃ መጠየቂያው «ስታት» ነው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ቀጥታ ጥሪ የሚያስቀረው የላይብረሪውን ቀጭን መሸፈኛ ብቻ ነው፤ ያ መሸፈኛ ዋጋዎቹን ወደየሬጂስተሩ አስገብቶ፣ ጠርቶ፣ ስህተት ካለ «ኤርኖ»ን ይሞላል፤ የሚፈጀውም ጥቂት ናኖሰከንድ ነው። ውዱ ነገር ወደ ከርነል ገብቶ መውጣቱ ነው። እሱንም ጃንዋሪ 2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ለሆነው ሜልትዳውን ለተባለ የፕሮሰሰር ድክመት የተጨመረው መከላከያ በብዙ ማሽኖች ላይ የበለጠ አስወድዶታል። ስለዚህ ፍጥነት የሚገኘው የጥሪዎቹን ቁጥር በመቀነስ ነው። 1,000,000 ባይት አንድ በአንድ የሚጽፍ ፕሮግራም 1,000,000 ጊዜ ይጠራል፤ 4096 ባይት እያጠራቀመ ቢጽፍ 245 ጥሪ ይበቃዋል። የሲ ላይብረሪ መጻፊያ የሆነው «ፕሪንትኤፍ» የሚሠራው ይኸንኑ ነው፤ «ዘገምተኛ» ተብሎ የተተወው ላይብረሪ በቀጥታ ከሚጠራው ፕሮግራም የሚቀድመውም በዚሁ ነው። ሰዓት መጠየቅማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ሊኑክስ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ማህደረ ትውስታ ውስጥ «ቪዲኤስኦ» የተባለ ትንሽ ኮድ ያስቀምጣል፤ የላይብረሪው ሰዓት መጠየቂያ በአብዛኛው ማሽን ላይ ከርነል ሳይገባ ሰዓቱን ከዚያ ያነባል። በ228 ቁጥር በቀጥታ የሚጠይቅ ሰው ይህን አቋራጭ ትቶ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። ማረጋገጥ የሚፈልግ የጥሪ መከታተያውን «ስትሬስ»ን ከንዑስ ሆሄ «ሲ» አማራጭ ጋር ያሂደው፤ በየዓይነቱ ስንት ጥሪ እንደተደረገ በሰንጠረዥ ያሳየዋል። «ስትሬስ» የግዕዝን ፊደል በስምንት መሠረት የቁጥር አጻጻፍ ስለሚያወጣ «ሰ» 341፣ 210፣ 260 ሆኖ ይታያል፤ ጽሑፉ ግን አልተበላሸም።

«በየትኛውም ማሽን ይሠራል» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ኮምፒውተር ሳይኖራቸው በአንድሮይድ ስልክ ላይ ተርሙክስ የተባለውን የተርሚናል አፕ ጭነው የሚማሩ ልጆች አሉና። የስልኩ ፕሮሰሰር አርም ነው፤ «ሲስኮል» የሚባል ትእዛዝ እዚያ የለም። በባለ 64 ቢት አርም ቁጥሩ በኤክስ8 ይቀመጣል፣ ዋጋዎቹ ከኤክስ0 እስከ ኤክስ5፣ ትእዛዙ «ኤስቪሲ» 0። መጻፊያው 64፣ መውጫው 93፣ ማንበቢያው 63 ነው። በምሳሌው ላይ ያለውን 1 ወደ ኤክስ8 የገለበጠ ልጅ የጠራው መጻፊያውን ሳይሆን ሌላ ጥሪ ነው፤ 1 እዚያ «አይኦ-ዲስትሮይ» የሚባል ከጽሑፍ ጋር ግንኙነት የሌለው ጥሪ ነው። ፋይል መክፈቻው «ኦፕን» በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ፈጽሞ የለም፤ ቁጥሩ 56 የሆነውን «ኦፕንአት» መጠቀም ነው፣ የመጀመሪያው ዋጋ አሉታዊ 100 ሲሆን «አሁን ካለሁበት ማውጫ» ማለት ነው። ባለ 32 ቢት ሥርዓት በሚያሄዱ ስልኮች ደግሞ ቁጥሩ በአር7 ይገባል፣ መጻፊያው 4፣ መውጫው 1። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ «ዩኔም»ን ከ«ኤም» አማራጭ ጋር መስጠት ነው፤ «ኤአርክ64» ካለ ባለ 64 ነው። አንድሮይድ ከ8ኛው ዕትም ጀምሮ አፖች የማያስፈልጓቸውን ጥሪዎች ያጣራል፤ ያልተፈቀደ ቁጥር የጠራ ፕሮግራም «ባድ ሲስተም ኮል» ተብሎ ወዲያው ይገደላል። ይህ የኮድ ስህተት ስላልሆነ ኮዱን ደጋግሞ በመጻፍ አይፈታም።

ሊኑክስ አንድ ትልቅ ነገር አለው፦ በአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ አንዴ የተሰጠ የጥሪ ቁጥር አይቀየርም። ሌሎች ሥርዓቶች ይህን ቃል አልገቡም። በዊንዶውስ ፋይል መክፈቻው «ኤንቲ-ክሪኤት-ፋይል» በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ቁጥሩ 82፣ በ8 83፣ በ8.1 84፣ በ10 85 ነበር። ቁጥሩን በፕሮግራሙ ውስጥ የቀበረ ሰው ማሽኑ ሲታደስ ሌላ ጥሪ ይጠራል፤ በዚያ ላይ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ከመከላከያ ለማምለጥ ይህን መንገድ ስለሚጠቀሙ ንጹሑም ፕሮግራም በአንቲቫይረስ ሊጠረጠር ይችላል። በማክኦኤስ የታወቀው በር የአፕል «ሊብሲስተም» ላይብረሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማክኦኤስ ሲየራ የሰዓት መጠየቂያውን ጥሪ አሠራር ሲቀይር ከርነሉን በቀጥታ ይጠሩ የነበሩ፣ በቆዩ የጎ ቋንቋ ዕትሞች የተቀናበሩ ፕሮግራሞች መውደቅ ጀመሩ፤ የጎ አዘጋጆችም በ1.11 እና በ1.12 ዕትሞቻቸው በማክ ላይ ቀጥታውን መንገድ ትተው ወደ ላይብረሪው ተመለሱ። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና ከዚህም ሄዶ ጥሪ ከተፈቀደለት የኮድ ቦታ መምጣቱን ይፈትሻል፤ ከሌላ ቦታ ከመጣ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 7.5 ዕትሙ ቁጥር ተቀብሎ ማንኛውንም ጥሪ የሚያሳልፈውን አጠቃላይ በር ጭራሽ አንስቶታል።

በሊኑክስ ላይም ቢሆን ላይብረሪውና ቀጥታ ጥሪው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲደባለቁ ላይብረሪው የማያውቀው ነገር ከጀርባው ይፈጸማል። «ፕሪንትኤፍ» ጽሑፉን በበፈር ይዞ ስለሚቆይ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲመራ በቀጥታ የተጻፈው ቀድሞ ይወጣል፤ በ60 ቁጥር በቀጥታ ከተወጣ ደግሞ በበፈሩ የቀረው ጨርሶ ይጠፋል። 60 የሚያቆመው የጠራውን ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የሥራ መስመሮች አንዱን) ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙን በሙሉ የሚዘጋው 231 ነው። ከሁሉም የሚያስፈራው የተጠቃሚ ማንነት መቀየሪያው 105 ነው። ላይብረሪው ሲጠራው ለውጡን ለሁሉም ትሬዶች ያደርሳል፤ በቀጥታ ሲጠራ ግን የሚቀየረው አንድ ትሬድ ብቻ ነው። የአስተዳዳሪ ሥልጣኑን የለቀቀ የሚመስል ሰርቨር በቀሩት ትሬዶቹ ሥልጣኑን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ይህ ቀዳዳ ሰርጎ ገብ ሲያገኘው የሚዘጋ አይደለም።

ቀጥታ ጥሪ በሥራ ላይ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። አዲስ ጥሪ ከርነሉ ውስጥ ገብቶ ላይብረሪው ሳይደርስበት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። የዘፈቀደ ቁጥር መጠየቂያው «ጌትራንደም» እ.ኤ.አ. በ2014 ከሊኑክስ 3.17 ጋር መጥቶ ወደ ሊኑክስ የሲ ላይብረሪ ወደ ጂሊብሲ የገባው በ2017 በ2.25 ዕትም ነው፤ በመካከሉ የነበረው መንገድ ቀጥታው ብቻ ነበር። እንዲህ ሲያጋጥም አሴምብሊ አያስፈልግም። ላይብረሪው ራሱ ቁጥር ተቀብሎ የሚጠራ «ሲስኮል» የተባለ ፋንክሽን አለው፤ ሬጂስተሮቹን በትክክል ይሞላል፣ «ኤርኖ»ንም ያስቀምጣል። ለቁጥሩም 318 ብሎ ከመጻፍ በሄደር ፋይሉ ውስጥ ያለውን ስም መጠቀም ነው፤ ያኔ ኮዱ በአርም ላይ ሲቀናበር ቁጥሩ በራሱ ይስተካከላል። በተጨማሪም ከርነሉ አሮጌ ሆኖ ጥሪውን ካላወቀው «ኤርኖ» ላይ 38 ይመጣልና ለዚያ አማራጭ መንገድ ማዘጋጀት ግድ ነው። ፕሮግራሞችን ለያይቶ በሚያሄደው በዶከር የቆዩ ዕትሞች ውስጥ የጥሪ ማጣሪያው ለማያውቀው ቁጥር በ38 ፈንታ 1 ይመልስ ስለነበር፣ 38ን ብቻ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች አማራጩን ሳይሞክሩ ወድቀዋል። አሮጌ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ቁጥሮች ቢፈትሽ ይሻለዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ በምሳሌው ላይ ያለው 4 ወደ 10 እንዲታረም፣ ምሳሌው ለባለ 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ሊኑክስ ብቻ መሆኑ እንዲገለጽ፣ በስልክ ለሚሞክሩት ደግሞ 64 እና 93 የሚሉት ሁለት ቁጥሮች ከጎኑ እንዲታተሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲስተም ፕሮግራመር
አዲስ አበባ